ሃምሳ ድምፅ ያለው ሳጥን

መጋረጃ ሰፊዋን የማያውቅ የሰፈሩ ሰው የለም። የማን ሳሎን ስንት ሜትር ከፋይ እንደሚፈጅ፣ የማን መኝታ ቤት ጠዋት ፀሐይ እንደሚገባበት፣ ማን ከጎረቤት ዐይን ለመሸሸግ ወፍራም ገበር እንዳሠራ ከእሷ የሚሰወር ነገር የለም። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ግን ጨርቅ ነው። ጣቃው በግድግዳው ሙሉ ተደርድሯል፣ ተሰፍቶ ያለቀው በብረት ዘንግ ላይ ተሰቅሏል፣ ገና ያልተቆረጠው ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ እሷን አያያትም፤ ከጨርቁ መሃል "ማነው? ይግቡ!" የሚል ድምፅ ነው የሚቀበለው።

ጊታር እንደምትጫወት የሚያውቅ ሰው ግን ብዙም አልነበረም። ጊታሩ ከሱቁ ጀርባ፣ ራሷ ከሸራ በሰፋችለት ከረጢት ውስጥ ለዓመታት ተሰቅሎ ኖሯል። አንዳንድ ደንበኛ "ያ ደግሞ ምንድን ነው?" ብሎ ሲጠይቃት "የድሮ ጉድ ነው" ብላ ታልፈዋለች።

ጉዱ እንዲህ ነው። በወጣትነቷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ ነበረው፤ ክበቡም ባንድ ነበረው፤ የባንዱ ጊታር ተጫዋች ደግሞ እሷ ነበረች። በክበቡ ጓዳ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው አንድ አሮጌ የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየር፣ ነበር። ማብሪያውን ትጫናለች፣ እስኪሞቅ ትጠብቃለች፣ ክሩን ትመታለች፤ በቃ። ድምፁ ወፍራምና ሞቅ ያለ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የሚሻክር፣ ከጉንፋን ገና ያገገመ ጥሩ ዘፋኝ ዓይነት ነበር። ያ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አንድም ቀን አስባ አታውቅም። የራሷ መስሏት ነበር።

ከዚያ ኑሮ መጣ። ክበቡ ተዘጋ፣ ባንዱ ተበተነ፤ አንዱ አገባ፣ አንዱ ተዛወረ፣ እሷም ከፋብሪካው ወጥታ የራሷን መቀስ ያዘች። መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው አገባች፤ ልጅ አሳደገች፣ ልጇም አድጋ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄደች። አምፕሊፋየሩ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች የነበረው ሰውዬ የሱቋን በር ሞልቶ ቆመ። ያኔ "ቀስ በቀስ" ይሉት ነበር፤ ሲሄድም ሲያወራም ሲበላም አይቸኩልም፤ አንድ ክር ከመታ በኋላ ሁለተኛውን አስቦበት ነው የሚመታው። ከፋብሪካው ወጥቶ ውሃ ክፍያ ቢሮ ገባ፤ እዚያው አረጀ።

"አንቺ ልጅ፣" አላት። መነጽር ማድረግ ከጀመረች ስንት ዘመኗ፣ ለእሱ ግን አሁንም ልጅ ናት። "ጡረታ ልወጣ ነው።"

"ኧረ! እንኳን ደስ አለህ ልበልህ ወይስ እግዜር ያጽናህ?"

"ሁለቱንም በይኝ። ቢሮው ሽኝት ሊያደርግልኝ ነው። ሥራ አስኪያጁ ንግግር ያደርጋል፣ የግድግዳ ሰዓት ይሰጡኛል፣ ከዚያ በቃ፣ ወደ ቤትህ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው። ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ሦስት ዘፈን ልጫወት አልኩ፤ እሺ አሉኝ።"

"ከየትኞቹ ጓደኞችህ?"

"ከአንቺ ጋር ነዋ! ፋርማሲስቱም እሺ ብሏል፤ የድራሙን አቧራ እያራገፈ ነው።" ፋርማሲስቱ ያኔ የባንዱ ድራመኛ ነበር።

"ማን ሊዘፍን?"

"እኔ።"

"ጋሼ፣ ሰዎቹ እኮ የሚመጡት ሊሸኙህ እንጂ ሊሸሹህ አይደለም።"

ቀስ ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ እስኪያልቅ እሷ አንድ እጥፋት ሰፍታ ጨረሰች። እንቢ ማለት አልቻለችም። ልትልም አልፈለገችም።

ጊታሩን ከተሰቀለበት አውርዳ ክሩን ቀየረች። የጎደላት አምፕ ነው። የሙዚቃ ዕቃ መሸጫው ውስጥ ያለው ሻጭ ምላሱ እንደ መቀስ የተሳለ ሰው ነበር።

"እናቴ፣ ይሄ እንደ ድሮዎቹ አይደለም፤ ዲጂታል ነው። የታላላቆቹ አምፖች ድምፅ አንድ በአንድ ተጠንቶ እዚህ ውስጥ ገብቷል። ሃምሳ ድምፅ አለው። ሃምሳ አምፕ ገዛሽ ማለት ነው!"

"አንድ ደህና ቢኖረው ይበቃኛል።"

"ከሃምሳ መሃል አንድ ይጠፋል?"

ከመደርደሪያው ርካሹ እሱ ነበር። በአንድ እጇ አንጠልጥላው መጣች፤ ቅለቱ ደስ አሰኛት፤ ትንሽም አጠራጠራት።

ሱቋን ዘግታ፣ ጠረጴዛው ሥር አስቀምጣ፣ የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫነች። ሳጥኑ እንደ ወፍጮ አጓራ፤ ደንግጣ ከወንበሯ ተነሳች። ሁለተኛውን ተጫነች፤ ጊታሩ ጉድጓድ ገብቶ "አውጡኝ" የሚል መሰለ። ሦስተኛው እንደ ዝንብ ጥዝዝ ይላል። አራተኛው እንደ ነገረኛ አማት አንዱን ነገር መላልሶ ይነግራታል። እንዲህ እያለች ሃምሳውንም አዳረሰች። ብዙው ጩኸት፣ ብዙው የገደል ማሚቶ ነው። እሷ የምታውቀው ያ ሞቅ ያለ፣ ሻከር ያለ ድምፅ የለም።

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለች ለራሷ።

ማስተካከል ይቻላል ይላል መመሪያው። ችግሩ እንደ ድሮው ለያንዳንዱ ነገር የራሱ ማዞሪያ የለውም። አንዲት ማዞሪያ ብቻዋን የሁሉን ሥራ ትሠራለች፤ ትሬብል የሚሉትን ቀጭኑን ድምፅ የምታስተካክለው እሷ ናት፣ ወፍራሙን እሷ ናት፣ የገደል ማሚቶውን እሷ ናት። አሁን የትኛውን ይዛ እንደሆነ የምትናገረው አውራ ጣት የማታህል መስኮት ናት፤ ጽሑፏ ደግሞ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ የምታልፍ። መጋረጃ ሰፊዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ተንበርክካ፣ ትሬብል ቀነስኩ ስትል ማሚቶ ጨምራ፣ ማሚቶ ቀነስኩ ስትል ሌላ ድምፅ ውስጥ ገብታ፣ የደከመችበትን ሳታስቀምጥ አጥፍታው፣ እንደገና ከዜሮ ትጀምራለች። የሚጠበቅ መጋረጃ እያለ እሷ ሳጥን ትነካካለች።

ባሏ ማታ ማታ ተማሪዎቹን አሰናብቶ ሊወስዳት ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል።

"ይሄ ጥሩ ነው" ይላል።

"ቆይ፣ ይሄኛውስ?"

"ይሄም ጥሩ ነው።"

"ይሄስ?"

"እሱም አይከፋም፤ ጥሩ ነው።"

"አንተ ሰው! ሦስቱ እኮ ሰማይና ምድር ናቸው!"

"ታዲያ ጥሩ ሲሆን ምን ልበል? መጥፎ ነው እንድልሽ ነው?"

"አንተን ከመጠየቅ ካውያውን መጠየቅ ይሻላል!"

ስልኳ ላይ አንድ ጺማም ሰውዬ አገኘች፤ ልክ የእሷን ዓይነት ሳጥን ይዞ ያስተምራል። "ይሄን እዚህ አድርጉ፣ ያንን እዚያ አድርጉ" ይላል። እሱ ሲመታው ከፋይ ነው። እሷ ያለውን ሁሉ አንድ ሳታጎድል አድርጋ ስትመታው ቆርቆሮ ነው። ሰውዬውን ስልኩ ውስጥ ገብታ ጺሙን ብትነጭለት ደስ ባላት።

ብቻ እልህ ምላጭ ያስውጣል። አልተወችም። ሱቋ ውስጥ ድምፁ የታፈነ እየመሰላት ቀጭኑን ትጨምራለች፤ ደረቅ እየሆነባት ማሚቶውን ትጨምራለች፤ ደግሞ ቀጭኑን ትጨምራለች። እንዲህ ስትል ከርማ አንድ ቀን የድሮ ዘፈናቸውን መግቢያ ስትመታ፣ ያ ድምፅ መጣ። ያው ራሱ ባይሆን ወንድሙ ነው። ጠራ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ጫፉ የሚያበራ። ዐይኗ እንባ አቀረረ። ቶሎ ብላ አስቀመጠችው፤ ቁልፉ ላይም እንዳይጠፋባት ቀይ ክር ጠመጠመችበት።

ልምምዱ በፋርማሲስቱ ጋራዥ ነበር። ፋርማሲስቱ መኪናውን አስወጥቶ ድራሙን ተክሏል። ጋራዡ ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩ ብረት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቀስ በቀስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሦስቱም ተያይተው ሳቁ፤ ሸብተዋል፣ ወፍረዋል። እሷ ቀይ ክር ያለበትን ቁልፍ ተጫነች፣ መግቢያውን መታች።

ጩቤ ነው የወጣው። ቀጭን፣ ስለታም፣ ከቆርቆሮ ወደ ብረት እየተላተመ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ። ፋርማሲስቱ ሁለት ጆሮውን ያዘ።

"ኧረ በፈጠረሽ! ጆሮዬን በመርፌ ሰፋሽው እኮ!"

"ቆይ፣ ቆይ፤ የሆነ ነገር ተነክቶ ነው" አለች። አየችው። የተነካ ነገር የለም።

"ትንሽ…" አለ ቀስ በቀስ፣ ሰው ላለማስቀየም ቃል እየፈለገ፣ "ትንሽ ይቆረቁራል።"

ድምፁን ዝቅ አደረገችው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከድራሙ ሥር ጠፋ። ከፍ አደረገችው፤ ጩቤው ተመለሰ። ሦስቱን ዘፈን እንደምንም ተጫውተው ጨረሱ። እሷ በመንገዱ ሁሉ ሳጥኑን አንጠልጥላ እየሄደች ከንፈሯን ነከሰች። ሱቋ ገብታ ሰካችው። ቀዩን ቁልፍ ተጫነች። ማር ነው! ያው ማር! እዚያ ያሳፈራት፣ እዚህ ይሸነግላታል።

በነጋታው ወደ ሻጩ ወሰደችው። ሻጩ ራሱ ጊታር አንስቶ ሰክቶ ተጫወተበት። ሳጥኑ ምንም አልሆነም፤ ደህና ይናገራል።

"እናቴ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው" አላት እየሳቀ። "ድምፅ ማለት እኮ ከአምፕ አይደለም የሚመጣው፤ ከጣት ነው።"

ይህን ቃል ባይናገራት ይሻል ነበር። ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ጣቶቿን ዐየቻቸው። መርፌ የወጋጋው፣ መቀስ ያደነደነው፣ የመሃል ጣቷ ስትሰፋ በምታጠልቀው የብረት ቆብ የጎበጠ። ያኔ ፋብሪካ ሳለች እነዚህ ጣቶች ሌላ ነበሩ። ምናልባት ያ አሮጌ አምፕ ምንም አልነበረም፤ ምናልባት ወጣትነቷ ነበር የሚጮኸው። ይህን እያሰበች መውረጃዋን አለፈችው።

የሚቀጥለው ልምምድ ከመጀመሪያው ባሰ። ያው ጩቤ፣ ያው ጆሮ መያዝ። ፋርማሲስቱ መሣሪያ ሲሰበስቡ እንደ ዋዛ ጣል አደረጋት።

"አንድ ሆቴል ውስጥ የሚጫወት ጊታሪስት አውቃለሁ። ለዚያች ቀን ብቻ… አንቺ ደግሞ ከጎኑ ሆነሽ ብታጨበጭቢ…"

"ላጨብጭብ?"

"እንደሱ ማለቴ አይደለም…"

"ሽኝቱ የማን ነው?" አለ ቀስ በቀስ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ቀና ብሎም አላየ፤ የቤዙን ገመድ እየጠቀለለ ነበር። "የኔ ነው። እሷ ትጫወታለች። ብትፈልግ በመቀሷ ትጫወት።"

ይህ ደግ ቃል ይብስ አሳፈራት። ደግነት የሚያሳፍረው የማይገባን ሲመስለን ነውና።

በዚያው ሰሞን አንድ ሆቴል ያዘዛት ትልቅ ሥራ ነበረባት፤ ለአዳራሹ ሙሉ የከፋይ መጋረጃ፣ ገበር ያለው። ሰፍታ እየጨረሰች የሰቀለችው ሱቁን ድንኳን አስመስሎት ነበር። ማለዳ ላይ የጭነት መኪና መጥቶ ሁሉንም ወሰደው፤ የተረፈውን ጣቃም ሁሉ እዚያው ለትራሱና ለወንበሩ ይሆናል ብለው ጫኑት። ሱቋ ባዶ ቀረች። ዘንጎቹ ተንጠልጥለው፣ ግድግዳው ቀለሙ እዚህም እዚያም ተልጦ ታየ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሥራ የለም። ሳጥኑን አውጥታ ሰካችው፤ ቀዩን ቁልፍ ተጫነች።

ጩቤው! እዚያው ሱቋ ውስጥ! ያው የጋራዡ ጩቤ!

ደሟ ፈላ። ማንም እዚህ አይገባም፤ የበሩ ቁልፍ ያለው ሁለት ሰው ነው፤ እሷና ባሏ። ባሏ ለምሳ ሲመጣ ገና በሩን ሳያልፍ ተቀበለችው።

"ነካክተኸዋል!"

"ምኑን?"

"ሳጥኑን! ስንት ጊዜ የደከምኩበትን! ማር የነበረውን!"

"ዐይኔን ግንባር ያድርገው አልነካሁም!" ብሎ ቆመና ትንሽ አሰበ። ሐቀኛ ሰው መሆኑ ጎዳው። "ትናንት አቧራ ጠረግኩለት እንጂ።"

"አቧራ! ማን ጥረግ አለህ? አንተ መኪናህን አትጠርግም፣ የኔን ሳጥን ትጠርጋለህ? አንተ እኮ…"

እዚህ ላይ ቆመች። አፏ እንደተከፈተ ቀረ። "እኮ" የሚለው ቃል ከወዲያ ግድግዳ ተመልሶ መጥቶባት ነበር። በዚያ ሱቅ ውስጥ ስንት ዓመት ተቆጥታለች፣ ስንት ደንበኛ ላይ ጮኻለች፤ ድምፅዋ ተመልሶ መጥቶባት አያውቅም።

"ምነው?" አለ ባሏ፤ ቁጣው ሳያልቅ መቆሙ ከቁጣው በላይ አስፈርቶት።

"ጩህ እስቲ።"

"ምን ብዬ?"

"የመጣልህን! ዝም ብለህ ጩህ!"

ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የሚጮኸው አንድ ነገር ነው። ደረቱን ነፋና "ፍሬን! ፍሬን ያዝ!" ብሎ ለቀቀው። ሱቁ በሙሉ ጮኸ፤ ዘንጎቹ ተንቀጫቀጩ፤ በመንገድ የሚያልፍ አንድ ብስክሌተኛ እውነት መስሎት ቀጥ አለ።

ራሷን ይዛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጨርቁ ነበር። ይህ ሁሉ ጊዜ ቀጭኑን ድምፅ ጨርቁ ሲውጠው፣ እሷ ስትጨምር፣ ጨርቁ ሲውጠው፣ እሷ ስትጨምር። ማሚቶውም እንደዚያው። ጨርቅ የሌለበት ቦታ ስትወስደው የተጨመረው ሁሉ እንዳለ ሰው ጆሮ ላይ ይወርዳል። ጨርቅ ብርሃን እንደሚያስቀር፣ ብርድ እንደሚያስቀር፣ የመንገድ ጩኸት እንደሚያስቀር ለደንበኛ ሁሉ ስትሰብክ የኖረች ሴት! መገላገሏ ደስ ሊያሰኛት ሲገባ ይበልጥ ተናደደች፤ አሁን የምትናደድበት ሰው ስለሌለ።

"ስለ አቧራው…" አለች ወደ ባሏ ሳታይ።

"ይቅርታ ነው እንዴ? ቀጭኑን ጨምሪበት፣ አልሰማሁም።"

"ሂድ ወዲያ!"

በባዶዋ ሱቅ ሁሉን ከሥሩ ጀመረች። ማሚቶውን አጠፋችው። ቀጭኑን ዝቅ አደረገች፤ መካከለኛውን፣ ሰው ሲናገር የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ፣ ከፍ አደረገች። ሳጥኑንም ከመሬት አንስታ ወንበር ላይ ሰቀለችው፤ ለካ እስከዛሬ የሚዘፍነው ለቁርጭምጭሚቷ ነበር። ብቻዋን ስትሰማው የሚያስጎመጅ ድምፅ አልነበረም፤ ደረቅ ያለ፣ አፍንጫው የታፈነ ነገር ነው። በሚቀጥለው ልምምድ ጋራዡ ውስጥ ግን ድራሙና ቤዙ ሲገቡ መሃላቸው ቦታውን አግኝቶ ተቀመጠ። ፋርማሲስቱ ዘፈኑ እስኪያልቅ ዱላዎቹን ከእጁ አልለቀቀም።

"አሁንስ ጆሮህን አልያዝክም" አለችው።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ ምን አውቄ" አለና ስለ ሆቴሉ ጊታሪስት ዳግመኛ አላነሳም።

የሽኝቱ ቀን ማንም ሳይመጣ ቀድማ አዳራሹ ገባች። ከእንግዲህ ቦታ አያታልላትም። ወለሉ ሸክላ፣ መስኮቱ ትልልቅ፣ መጋረጃ የሚባል ነገር የለም፤ ሰፊ ባዶ ቤት። እንደፈራችው ድምፁ ይጮኻል። ቀጭኑን አሁንም ቀነሰች፣ አሁንም ቀነሰች፣ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ እየሄደች በስልኳ የቀዳችውን ሰማች፤ ልክ ሲመስላትም በቀይ ክሩ ቁልፍ ላይ አስቀመጠችው። ወንበር የሚደረድረው ጥበቃ ቆሞ አዳመጣት።

"በጣም ያምራል፣ እናቴ" አላት።

"ጩቤ የለውም?"

"የምን ጩቤ?"

"ተወው፤ ጥሩ ነው ማለት ነው።" በሕይወቷ እንደዚያን ጠዋት ተረጋግታ አታውቅም።

ከሰዓት ሰው ገባ። የውሃ ክፍያ ቢሮ ሠራተኛ ይህን ያህል መሆኑን ማን ያውቃል! ካፖርት የለበሰው፣ ሻርፕ የጠመጠመው፣ ልጁን ያቀፈው፣ ወንበር ሞልቶ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው። ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን አደረገ፤ ሰዓቱ ተሰጠ፤ ተጨበጨበ። ሦስቱ ወጥተው ቆሙ። ፋርማሲስቱ ቆጠረ። እሷ መታች።

ምንም የለም። ማለት፣ አለ፤ ግን ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ዓይነት ነው። ጠዋት በባዶው ቤት የሚጮኸው ድምፅ አሁን ካፖርቱና ሻርፑ፣ ሰው ራሱ እየዋጠው ነው። ሰውም ጨርቅ ነው ለካ! ቀስ በቀስ እየዘፈነ አንገቱን ወደ እሷ አዞረ፤ "የት ሄድሽ?" ይላል ዐይኑ። አንደኛው ዘፈን እንዲሁ ሳትሰማ አለቀ።

ቀጭኑን መጨመር አለባት። ጎንበስ ብላ መስኮቲቱን ዐየች፤ ጭጋግ ናት። መነጽሯ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ቦርሳዋ ባሏ ጭን ላይ ነው፤ ባሏ የኋላ ወንበር ላይ ነው። እጇን አነሳችና ዐይኗን እያሳየች ምልክት ሰጠችው። ባሏ በደስታ ፈገግ ብሎ እጁን አውለበለበላት። አጠገቡ ላለው ሰውም "ባለቤቴ ናት" ሳይለው አልቀረም።

ፋርማሲስቱ ሁለተኛውን ዘፈን ቆጠረ። ቀስ ያለ ዘፈን ነው። እሷ በዳሰሳ ማዞሪያውን ፈለገች፤ አንዱን ቁልፍ ነካች፤ ክሩን መታች።

ወፍጮው ተነሳ። የመጀመሪያው ቀን ከወንበሯ ያስነሳት ያ ጉርምርምታ አዳራሹን ሞልቶ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ የያዘውን ብርጭቆ ሱሪው ላይ ገለበጠው። አንድ ሕፃን አለቀሰ። ቀስ በቀስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጠን ብሎ ዞረ። ከኋላ የቆሙት ወጣት ሠራተኞች ግን "ኡኡኡ!" ብለው ጮኹ፤ አጨበጨቡ፤ ስልካቸውን አወጡ። ፋርማሲስቱ ከሳቁ የተነሳ ምቱን ሳተ። እሷ ቀዩን ክር በጣቷ ፈልጋ ወደ ድምፅዋ እስክትመለስ ፊቷ ፍም መሰለ።

ከሦስተኛው በፊት ቀስ በቀስ ማይኩን ያዘና ስለ መሥሪያ ቤቱ ጥቂት ቃል ልናገር አለ። የእሱ ጥቂት ቃል እንዴት እንደሚረዝም ሁሉም ያውቃል። በዚያ መሃል ባሏ ነገሩ ገብቶት ኖሮ በሰው መሃል እየተጋፋ መጥቶ መነጽሯን አቀበላት።

"አውለበለብክልኝ እኮ!" አለችው በጥርሷ መሃል።

"ሰላም ያልሽኝ መስሎኝ።"

መነጽሯን አድርጋ ቀጭኑን በልኩ ጨመረች። ሦስተኛው ተጀመረ፤ የድሮው፣ የክበቡ። መግቢያውን መታች፤ ድምፁ መጣ። ጩቤም አይደለም፣ ብርድ ልብስም አይደለም። ልክ ነው። የደነደኑት ጣቶቿ የሚሄዱበትን ያውቃሉ። ብቻዋን የምትጫወትበት ቦታ ሲደርስ ቀና አለች፤ በዚያው ቅጽበት የጎኑ በር ተከፈተና አንዲት ሴት "ምግብ ደርሷል!" አለች። ወንበር መንቋቋት ጀመረ። ሰዉ እየተነሳ፣ እየተጨዋወተ፣ ጀርባውን እየሰጣት ወደ በሩ ጎረፈ። ዘፈኑን የጨረሱት ለግማሽ አዳራሽ ነው፤ ከዚያም ውስጥ የሚበዛው ጫማውን የሚፈልግ ሕፃንና ካፖርቱን የሚፈልግ ሽማግሌ ነበር።

ቀስ በቀስ ቤዙን አስቀምጦ ወደ እሷ መጣ። ዐይኑ ቀልቷል።

"መጨረሻውን ሰማሁት" አላት። "እሱን ነበር የፈለግኩት።"

"ሌላ ሰውስ ሰማ?"

"እኔ ሰማሁ አልኩሽ እኮ።"

ወደ ቤት የሄዱት ጣሪያዋ ላይ "ለማጅ" የሚል ሰሌዳ ባላት በባሏ መኪና ነው። ሳጥኑ እግሯ ሥር ነው፤ እሷ መንገዱን ታያለች።

"ጥሩ ነበር" አለ ባሏ።

"የትኛው?"

ማርሽ ቀየረ፣ መስታወት ዐየ፣ ሌላም ማርሽ ቀየረ። "የመጨረሻው" አለ።

ዞር ብላ ዐየችው። ስንት ጊዜ ጠይቃው ለመጀመሪያ ጊዜ መረጠላት። ያም ሆኖ አንጀቷ አልራሰም፤ ይህን ሁሉ ደክማ ያገኘችው ግማሽ ዘፈን ነው፤ እሱንም ሰው ለምግብ ጥሎት ሄዷል።

በሳምንቱ ባሰ። የቢሮው ወጣቶች የቀዱትን በስልክ ተላላኩት፤ የላኩት ግን ያን ወፍጮ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሱሪው ላይ ሲያፈስ፣ ቀስ በቀስ ሲዞር፣ እሷ ጎንበስ ብላ ስትደናበር። ደንበኞቿ መጋረጃ ሊለኩ መጥተው "እሷ አንቺ ነሽ አይደል?" እያሉ ይስቃሉ። ከዚያ ቢሮ ደውለው፣ አንዲት ጸሐፊ ጡረታ ልትወጣ ነውና መጥታችሁ ተጫወቱ፣ ያንን ጩኸት ግን እንዳትረሱ አሉ። እሷ በስልክ "በጭራሽ!" አለች። ፋርማሲስቱ ከጀርባዋ ደውሎ "እንመጣለን" አለ። ስትሰማ ስልኩን ዘጋችበት፤ ማምሻውን ደግሞ ራሷ ደውላ "ልምምዱ መቼ ነው?" አለችው።

ቀስ በቀስ አሁን ሥራ ስለሌለው እሑድ እሑድ ቤዙን ይዞ ወደ ሱቋ ይመጣል። ባሏ በሩ ላይ ይቀመጣል፤ ፋርማሲስቱ ድራሙን መሸከም ስለሰለቸው ዱላዎቹን ብቻ ይዞ መጥቶ የጣቃ ጥቅል ይደበድባል። እሷ መነጽሯን አድርጋ፣ ተንበርክካ፣ አንዲቷን ማዞሪያ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ ትላለች።

"ዛሬስ?" ይላታል ቀስ በቀስ።

"አልመጣም። ጠዋት ደህና ነበር፤ አሁን ደግሞ አኩርፏል።"

"ምን እናድርገው ታዲያ?"

"ምን እናደርገዋለን? ቁጠር" ትለዋለች ለፋርማሲስቱ፤ እየተነጫነጨችም ትመታለች።